ሳይወለድ አረቦን የሚከፍለው ሦስተኛ ሰው

ለክቡር ዶክተር ኤቫሪስቶ ላንዳቬሪ
የ«ሙሉ ቤተሰብ» የጤና ኢንሹራንስ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ሊማ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። ጤናዎን ስጠይቅ ቅጽ አላስሞላዎትም፤ ወረፋም አላስይዝዎትም፤ ጉንፋን ይዞዎት ከሆነም ጉንፋኑ የጀመረዎት ከመተዋወቃችን በፊት ይሁን በኋላ አልመረምርም። እንዲያው በደፈናው ደህና ይሁኑልኝ። ባለቤትዎና ልጆችዎም ደህና ይሁኑ። በቢሮዎ መግቢያ ላይ በተሰቀለው ትልቅ ፎቶግራፍ ውስጥ በሁለት ጥርሱ የሚስቀው ሕፃንም ደህና ይሁን፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ደጃችሁን ስረግጥ ፊቱን ያላጠቆረብኝ እሱ ብቻ ነው።

እኔ ዘናይዳ ፓውካር እባላለሁ። በኮማስ ኮረብታ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ እኖራለሁ፤ ባለቤቴ ኢላሪዮ ባጃጅ ይነዳል። ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመታችን ነው፤ ልጅ የለንም። ሐኪሞቹ ጉድለቱ ከሁለታችንም እኩል የመጣ ነው ስላሉን፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ለመለከክ እንኳ አልታደልንም። ዛሬ በዚህ ዓለም ላይ ያለን ተስፋ አንድ ነው፤ እሱም በሕክምና የተገኘ፣ በክሊኒኩ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ፅንስ ነው። ወደ ማህፀኔ እንዲገባ ስድስት ሺህ ሶል ተጠይቀናል፤ ቀጠሮውም ዋጋውም የሚጸናው እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ዋጋውም ዕድሜዬም ይጨምራል፤ ከሁለቱ አንዱንም እርስዎ እንደማይሸፍኑልኝ በጽሑፍ አሳውቀውኛል።

ይህን ደብዳቤ ለሕዝብ በግልጽ የጻፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች ቢሮዎ ሰፊ ስለሆነ መንገድ ቢጠፋባቸው ነው። ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አስቀምጫለሁ፤ ምክንያቱም ቁጥር የሌለው ነገር በእናንተ ዘንድ እንደማይነበብ ተምሬአለሁ።

፩. ስለ ሦስተኛው ሰው

የዛሬ ሰባት ዓመት ለመመዝገብ የመጣን ዕለት፣ ባልና ሚስት ብቻቸውን ቤተሰብ እንደማይባሉና በድርጅትዎ ትንሹ የቤተሰብ ውል የሦስት ሰው እንደሆነ ተነገረን። ኢላሪዮ «እኛ ግን ሁለት ነን እኮ» ቢል፣ የሚመዘግበው ወጣት ቀና ብሎ በፈገግታ «ሦስተኛው ይመጣላ! አይዞዎት፣ ይመጣል!» አለው። ባለቤቴ ምርቃት መስሎት አሜን ብሎ ፈረመ። በኛ ሰፈር ምርቃት ነፃ ነው፤ የእናንተ ግን በወር ሰማንያ ሶል ነው።

እነሆ ከዚያን ቀን ጀምሮ ለዚህ ላልተወለደ ሰው ያለማቋረጥ አረቦን ስንከፍል ኖርን። ክቡርነትዎ መዝገብዎን ቢያገላብጡ እንደ እሱ ያለ ደንበኛ አያገኙም፤ ሰባት ዓመት ሙሉ አንዴ እንኳ አላስነጠሰም፣ አምቡላንስ አልጠራም፣ መነጽር አልጠየቀም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይባላል፤ እናንተ ደግሞ ለሰማይዋ ላም የሣር ዋጋ በየወሩ አስከፈላችሁን። ታዲያ ይህ ታማኝ ደንበኛ ወደዚህ ዓለም ለመምጣት ጥቂት እርዳታ ቢለምን፣ ድርጅትዎ «አናውቀውም» አለ።

፪. ስለ ሁለቱ ደብዳቤዎች ጥበብ

ሕክምናው ሃያ አራት ሺህ ሶል እንደሆነ በተነገረን ጊዜ በመጀመሪያ ወደ እናንተ መጣን። በመጀመሪያው ደብዳቤዎ መካንነት በሽታ ስላልሆነ ኢንሹራንስ እንደማይመለከተው አስረዱን። እኔም በሽተኛ አለመሆኔን ከዋና ሥራ አስኪያጅ አፍ በመስማቴ ደስ ብሎኝ ነበር። አቤት ስንል በሁለተኛው ደብዳቤዎ በሽታው ከውሉ በፊት የነበረ ሕመም ስለሆነ እንደማይሸፈን ገለጹልን። እንግዲህ ያለብኝ ነገር በሽታ ሳይሆን ቀደም ብሎ የጀመረኝ በሽታ ነው ማለት ነው። ሦስተኛ ደብዳቤ ቢጽፉልኝ ኖሮ ፈጽሜ እድን ነበር ብዬ አምናለሁ።

፫. ስለ ዝምታ

በሁለተኛው ደብዳቤ ግርጌ፣ ጉንዳን በምታነብበት መጠን፣ «በአሥር ቀን ውስጥ ምላሽ ካልሰጡ በውሳኔው እንደተስማሙ ይቆጠራል» የሚል ተጽፎ ነበር። ፖስተኛው የኛን ኮረብታ ስለማይወጣ ደብዳቤው ከታች ዳቦ ቤት ውስጥ ሲጠብቀኝ ከርሞ፣ እጄ ሲገባ ቀኑ አልፎ ተስማምቼ አገኘሁት። ዝምታ ወርቅ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ የወርቁ ባለቤት ማን እንደሆነ ግን ያን ቀን ገባኝ።

ክቡር ሆይ፤ እዚህ ላይ ቁጥሩን ትቼ ከዚያ በኋላ የሆነውን ልተርክልዎ፤ ምክንያቱም ባያውቁትም እርስዎም አሉበት።

እናንተ ፊት ስትነሱን ነገሩን የተረከበችው አማቴ ኒካኖራ ናት። ዋጋውን ስንነግራት «ሃያ አራት ሺህ? ልጁ ጥርስ አውጥቶ፣ ቦርሳ አንግቦ ነው እንዴ የሚወለደው?» አለችና በመጀመሪያ ወደ ገበያ ወስዳኝ በስድስት ሶል የእንቁራሪት ጭማቂ አስፈጭታ አቀረበችልኝ። «አፍንጫሽን ይዘሽ ጭልጥ አርጊው! እኔ ኢላሪዮን ያገኘሁት በዚህ ነው» ስትለኝ፣ ባለቤቴ ከጎኗ ቆሞ «ለዚህ ነዋ ዓይኔ እንዲህ የፈጠጠው!» አለ። ጠጣሁት። ከእንቁራሪቷም ከድርጅትዎም ያገኘሁት ውጤት አንድ ነው፤ እንቁራሪቷ ግን በየወሩ አላስከፈለችኝም።

ጭማቂው አልሠራ ሲል አንዱን የስፌት መኪናዬን ሸጥኩ፤ ኢላሪዮ የእቁቡን ዕጣ ለምኖ ቀድሞ ወሰደ፤ አሁንም አልሞላ ሲል ኒካኖራ እጅጌዋን ሰብስባ «በቃ፣ ፖያዳ እናደርጋለን» አለች።

ክቡርነትዎ በሚኖሩበት፣ ዛፉ እንኳ በየሳምንቱ ፀጉሩን በሚስተካከልበት ሰፈር ይህ ነገር ስለማይደረግ ላስረዳዎት ይፍቀዱልኝ። በኛ ኮረብታ ሰው ሲታመም ወይም የቤቱ ጣራ ሲወድቅ፣ ዘመዶቹ ዶሮ በቅመም ዘፍዝፈው ያሳድራሉ፤ «እግር» ወይም «ደረት» የሚል ካርድ አሳትመው ለወዳጅ ለጎረቤት ያድላሉ፤ ቅዳሜ መንገዱን ዘግተው፣ ድምፅ ማጉያ ተከራይተው፣ ዶሮውን እየጠበሱ ከድንችና ከሰላጣ ጋር ይሸጣሉ። ካርዱን የወሰደ ይከፍላል፤ ባይመጣም ይከፍላል። በካርዱ ግርጌ «ያልተመለሰ ካርድ እንደተሸጠ ይቆጠራል» ተብሎ ታትሟል። ይህን ያነበብን ጊዜ እኔና ኢላሪዮ ተያየን፤ የእናንተን ደብዳቤ የጻፈው ሰው የኛ ሰፈር ልጅ ሳይሆን አይቀርም አልን።

ካርዱ ላይ ያስጻፍነው «ለጤና» ብለን ብቻ ነበር። እኔ ገመናዬን ከዶሮ ጋር ጠብሼ ማቅረብ አልፈለግሁም። ኒካኖራ ግን ምስጢር ሆዷ ውስጥ ሲቆይ ያማታል። ካርዱን ለዓሣ ሻጩ ስትሰጠው «ማን ታሞ ነው፣ እናቴ?» አላት።

«የልጅ ልጄ!»

«ውይ! ስንት ዓመቱ ነው?»

«ገና ነው።»

«ምን ገና?»

«አልተወለደም ነው የምልህ!»

ዓሣ ሻጩ ቢላውን አስቀመጠና «ኧረ ይሄማ ከባድ በሽታ ነው» ብሎ አራት ካርድ ወሰደ። የእናንተ ኮሚቴ በሁለት ደብዳቤ ያልጨረሰው ምርመራ እዚያው ዓሣ መደብ ላይ ተቋጨ። እስከ ማታ ድረስ ወሬው ኮረብታውን ዞሮ ጨረሰ፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ ስሄድ ሰዉ ሁሉ «አይዞሽ፣ እኔ ሁለት እግር ይዣለሁ!» «እኔ ደግሞ ደረት!» እያለ ካርዱን ያውለበልብልኝ ጀመር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውን ለካ ሰምቼው ኖሯል እንጂ አላውቀውም ነበር።

አሁን ወደ እርስዎ ቤት ልምጣ። በዚያው ሰሞን ሁለተኛው ደብዳቤ ማኅተም ጎድሎት ነበርና ለማስመታት ቢሮዎ መጣሁ። በመስኮት የተቀበለችኝ ሠራተኛ ማኅተሙን ከመታች በኋላ ግራ ቀኟን አይታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እህቴ፣ ካርድ ይዘሻል?» አለችኝ።

«የምን ካርድ?» አልኳት።

«የፖያዳ ነዋ! እኛ ውድቅ ያደረግነው ሁሉ ፖያዳ ይደግሳል። እዚህ ፎቅ ላይ እኮ ማክሰኞ ውድቅ እናደርጋለን፣ ቅዳሜ ዶሮ እንበላለን። እግር አለሽ? ለሁላችንም እግር አድርጊልን፤ ለአለቃ ግን ደረት ይሁን።»

ስሟን አልነግርዎትም፤ ማባረር ካሰቡም ፎቁን በሙሉ ማባረር ይኖርብዎታል፤ ከዘበኛው እስከ ሒሳብ ሹሙ ካርድ ያልገዛ የለምና። ፖያዳችን የዋለበት ቅዳሜ ለዓመቱ የትርፍ ሪፖርት ተሰብስባችሁ ነበር። ባጃጅ ወደ እናንተ ሰፈር መግባት ስለማይፈቀድለት ኢላሪዮ የአጎቱን ልጅ ታክሲ ለምኖ ሳህኖቹን ትኩስ እንደሆኑ አደረሰ። በኋላ እንደሰማሁት ክቡርነትዎ ደረትዎን እስከ አጥንቱ ከጨረሱ በኋላ ጣትዎን በናፕኪን እየጠረጉ «ይህን የሠራ ሰው እጁ ይባረክ» ብለዋል። ኒካኖራ ምርቃትዎን በደስታ ተቀብላለች። ስለዚህ በቢሮዎ ደረጃ ላልታወቀው ልጄ በግልዎ የካርዱን ሃያ ሶል አዋጥተዋል፤ ከልብ አመሰግናለሁ።

፬. ይህኛው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው

ባለፈው ዓመት ባጃጁ ተገልብጦ የኢላሪዮ ክንድ ሲሰበር፣ ድርጅትዎ ያለ አንድ ጥያቄ ሙሉውን ወጪ ሸፍኖ አስጠገነለት። ሐሰት አልናገርም፤ ክንዱ በጣም ጥሩ ሆኖ ነው የዳነው። ሲሚንቶ ያነሣል፤ ጎማ ይፈታል። አንዳንድ ምሽት ግን በሩ ላይ ተቀምጦ የጎረቤታችንን ሕፃን ተቀብሎ ሲያቅፍና እናቷ መጥታ ስትወስዳት አየዋለሁ። ያን ጊዜ ክንዱ እንደታቀፈ ትንሽ ይቆያል። በጣም ያሳዝነኛል፤ ይህን በሌላ ቃል ማስዋብ አልችልም።

፭. ስለ ማቀዝቀዣ

ገንዘቡ ሞላና ሕክምናው ተጀመረ። በየቀኑ የምወጋው መድኃኒት ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ ነበረበት፤ የኛ ማቀዝቀዣ ደግሞ ሲፈልገው የሚያፈላ ነው። ባለሱቁ ኤውሎሒዮ ከለስላሳና ከእርጎ መካከል ቦታ ለቀቀልን። ከዚያ ወዲያ ያ ሱቅ ሱቅ መሆኑ ቀረ። በሩን ከፍቶ የትኛውን ልጠጣ እያለ የሚያማርጥ ሰው ከመጣ ኤውሎሒዮ «ዝጋው! ዝጋው እንጂ፣ ልጁ ይሞቀዋል!» እያለ ይጮህበታል። ሰውየው ለዚህ ሁሉ ጥበቃ አንዲት ሳንቲም አልጠየቀኝም፤ የእናንተን ያህል የሠለጠነ ድርጅት ስለሌለው ይሆናል።

ሁለት ፅንስ ተገኘ። የመጀመሪያው ጁን ላይ ተሞከረ፤ አልያዘም።

ክቡር ሆይ፤ ስቀልድ የቆየሁት እስከዚህ ድረስ ነው። ያን ቀን ከክሊኒኩ ስመለስ የፈራሁት ሐዘኑን ብቻ አልነበረም፤ ኮረብታውንም ፈራሁት። ያ ሁሉ ሰው ዶሮ ገዝቶልኝ ባዶ እጄን እንዴት አድርጌ ደረጃውን እንደምወጣ ጨነቀኝ። ኢላሪዮ ባጃጁን ከታች አቁሞ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ስንወጣ ኒካኖራ፣ ኤውሎሒዮና ዓሣ ሻጩ ሱቁ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ፊታችንን አይተው ወንበር ሳቡልን። ዓሣ ሻጩም «እኔ ያን ቀንም ብያለሁ፤ ዶሮው ጨው አንሶት ነበር» አለ።

«የማንን ዶሮ ነው ጨው አነሰው የምትለው?» ብላ አማቴ ተነሣችበት።

«በሚቀጥለው ይስተካከላላ!» አላት። ኤውሎሒዮም «እኔ ማቀዝቀዣዬ ውስጥ ያንን ቦታ ለእርጎ አልሰጠሁትም፤ እንደተያዘ ነው» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንም የከፈለውን አልጠየቀኝም፤ የሚጠይቁኝ ሁለተኛው ፖያዳ መቼ እንደሆነ ብቻ ነው። ሰው እንዲህ ሲሆንልህ ከማዘን ይልቅ ማፈር ይቀድምሃል፤ ቀጥሎ ደግሞ ትጽናናለህ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፤ ልመናዬ አጭር ነው። ምጽዋት አልለምንም፤ ውሉንም ይለውጡልኝ አልልም። ሰባት ዓመት ሙሉ ለሦስተኛው ሰው የተቀበላችሁትን አረቦን ብቻ ይመልሱልን። ሰውየው በእናንተው ውሳኔ የለም፤ የሌለ ሰው ደግሞ አረቦን አይከፍልም። አይ፣ አለ የምትሉ ከሆነም ግሩም ነው፤ እንግዲያው ደንበኛችሁ ነውና አድራሻው ክሊኒኩ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፤ ሄዳችሁ አውጡልኝ። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ የእሱ አረቦን ብቻውን ቀሪውን ሕክምና ከፍሎ ለመጀመሪያው ሰሞን ዳይፐርም ይተርፋል። ይህ ልጅ ከመወለዱ በፊት ለገዛ ራሱ መምጫ ቆጥቧል፤ ይህን ያህል አርቆ አሳቢ ሰው ድርጅትዎ ሊያጣው አይገባም።

ዲሴምበር ላይ አርባ ሁለት ዓመት ይሞላኛል። ሌላ ፅንስ የለኝም፤ ከምሠራባት በቀር ሌላ የምሸጠው የስፌት መኪናም የለኝም። ይህን የምልዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ ጉዳዩን ለሚቀጥለው ስብሰባ ልናሳድረው ብለው እንዳያስቡ ነው።

በየወሩ ሳትዘገይ የምትከፍል፣ በሦስት ስትቈጠር ሁለት የሆነች፣ በመጀመሪያው ደብዳቤዎ ጤነኛ፣ በሁለተኛው ደብዳቤዎ ደግሞ ከድሮም በሽተኛ የሆነች ትሑት ደንበኛዎ፣ ከኮማስ ኮረብታ እጅ እየነሣሁ፤

ዘናይዳ ፓውካር
ኢላሪዮ (ባስጠገናችሁለት እጁ የፈረመ)
ሦስተኛው (ስም ያልወጣለት፣ ውዝፍ ዕዳ የሌለበት)

ማሳሰቢያ፦ ሁለተኛው ፖያዳ በኖቬምበር ሁለተኛው ቅዳሜ ነው፤ ጨዉ ተስተካክሏል። ባለፈው ደረቱን እንደወደዱት ስለሰማን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ካርድ አያይዘንልዎታል። የሚበሉት ብቻዎን ቢሆኑም የተያያዙት ሦስት ናቸው፤ በናንተ ደንብ ከሦስት ያነሰ ቤተሰብ ስለሌለ የምናስከፍልዎት የሦስት ሰው ነው። መመለስ ከፈለጉ አሥር ቀን አለዎት፤ ዝም ካሉ እንደተስማሙ እንቆጥረዋለን።